በስልክ የመጣ መርዶ

«ለማልቀስ መሰለሽ የመጣችው? ለመምጣት ነው የመጣች» አለችኝ አክስቴ፣ ጭኔን ቆንጠጥ አድርጋ። ልጅ ነበርኩ። ጎንደር አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «ያቺ ሴትዮ እንባ የላትም» ብዬ ሹክ ብያት ነው።

እንከን ፍለጋ የጀመረኝ እንግዲህ ያኔ ነው። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ባቋርጥም ይህን ሙያ አላቋረጥኩትም። አሽቀሎን ከመጣሁ ወዲህማ፣ ባለቤቴ ፋብሪካ እየዋለ እኔ ከልጄ ከሺራና ከቴሌቪዥኑ ጋር ስቀር፣ ሥራዬ በዛ። ከፊልሙ ሥር የሚሮጠውን የዕብራይስጥ ጽሑፍ አልደርስበትም፤ ስለዚህ ሰዎቹን ነው የማየው። ጽሑፉን የሚያነብ ሰው ይህን ሁሉ ጉድ የሚያይ አይመስለኝም።

የፊልም ሕፃንን ውሰዱ። መጀመሪያ ላይ እናቱ ታስተኛዋለች፤ ከዚያ ወዲያ አይነቃም። እሷ ትጣላለች፣ ትታረቃለች፣ መኪና ትነዳለች፣ እሱ ተኝቷል። እናቱን ባገኛት ዘዴውን እጠይቃት ነበር። የፊልም ሠርግስ? ያ ሁሉ ሕዝብ ይበላል፤ እጇን በቀሚሷ የምትጠርግ አንዲት ሴት አትታይም።

የባሰው ግን ባለፈው ያየሁት ነው። አንዲት ቆንጆ ሴት ስልክ ይደወልላታል፤ እናቷ ሞታለች። መርዶ በስልክ። እኛ ዘንድ ሽማግሌዎች ተሰባስበው፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ የሚደግፍሽ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ነው የሚነገርሽ። እሷ አልጋዋ ላይ ተደፋች፣ ሙዚቃው አለቀሰላት፣ ወዲያው ከንፈሯን ቀይ ተቀብታ እራት ስትበላ አየናት። አንድም ጎረቤት በሯን አላንኳኳም።

«ውሸት ነው» አልኩ።

«ፊልም እኮ ነው» አለ ባለቤቴ፣ ከፋብሪካ ገብቶ ተጋድሞ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ፊልምስ ቢሆን ጎረቤት የለውም?»

«እንግዲያ አንቺ ሂጂላት» አለና ዞሮ ተኛ።

ለሱ ቀልድ ነው። የኔ እናት ግን ጎንደር ቀርታለች። መርዶ የሚያረዱን ሽማግሌዎቻችን ደግሞ አንዱ አፉላ፣ አንዱ ጽፋት በየከተማው ተበትነዋል። ስልካችን በጮኸ ቁጥር ሺራን አቅፌ ነው የማነሳው። ሌላ የምይዘው ሰው የለም።

ሳምንት ሳይሞላ፣ አንድ ከሰዓት፣ ስልክ ጮኸ። የኛ አልነበረም፤ ግድግዳ የምንጋራት የስቬታ ነው። ስቬታ ከሩስያ ብቻዋን የመጣች ሴት ናት፤ ደረጃው ላይ «ሻሎም» ከመባባል ያለፈ ነገር የለንም። ስታነሳው በግድግዳው ተሰማኝ። ከዚያ ለቅሶው መጣ፤ «ማማ፣ ማማ» ትላለች። ይህ አስተርጓሚ አይፈልግም።

ቆሜ የሰው ኮቴ ጠበቅሁ። አሁን በሮች ይከፈታሉ፣ አሁን ደረጃው በሰው ይሞላል ስል፣ ከላይ ቤት አንዱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ።

ፊልሙ ለካ አልዋሸም።

ሺራን አዝዬ አንኳኳሁ። ስቬታ ከፈተችልኝና ተመልሳ መሬት ላይ ቁጭ አለች። የኔ ዕብራይስጥ ሚግዳል ገበያ ቲማቲም ይገዛ እንደሆነ እንጂ ሰው አያጽናናም። እንባም እምቢ አለኝ። ቴሌቪዥኗ የሚያየው ሳይኖር ሠርግ ያሳያል።

አጠፋሁትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።