ባርኔጣ ያደረጉ ራቁቶች

የለንደን ሰው ላብ አይወድም። አውቶቡስ ላይ ያላበው ሰው ከጎኑ ቢቀመጥ መስኮት ይከፍታል፤ መስኮቱ እምቢ ካለው ተነሥቶ ይቆማል። እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፣ ሁሉንም በመስታወት አያለሁ። ታዲያ ይኸው ሰውዬ በእረፍት ቀኑ ፎጣውን ሸክፎ፣ ቦታ አስይዞ፣ ላቡ እንዲወጣለት ከፍሎ ይገባል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላመንኩም ነበር።

ቦታው የራሺያ መታጠቢያ ቤት ነው። ባኒያ ይሉታል። ድንጋይ ያግላሉ፣ ውሃ ይደፉበታል፣ እንፋሎቱ ይለበልባችኋል። የእኛ ሴቶች የቅጠል እንፋሎት ሊታጠኑ ወሸባ የሚገቡት ዓይነት ነገር ነው። ልዩነቱ፣ ወሸባ የሚገባው ሰው ብቻውን ተከናንቦ ነው፤ እዚህ ግን ከማታውቁት ሰው ጋር በቁምጣ ትከሻ ለትከሻ ገጥማችሁ ትቀመጣላችሁ። በዚያ ላይ ባርኔጣ ያስደርጓችኋል። የበግ ፀጉር ባርኔጣ። ራስ እንዳይቃጠል ነው አሉኝ። የቀረው አካሌስ ብዬ ብጠይቅ ፎጣ ሰጡኝ።

ምን ወሰደህ በሉኝ። ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው የወሰዱኝ።

አንደኛው ጋሽ ተፈራ ናቸው፣ የሆሎዌይ ጎረቤቴ። ሁለተኛው ጋሽ ይማም፣ ስቶክዌል የሚኖሩ የአገሬ የደሴ ሰው። ሁለቱ በወጣትነታቸው ራሺያ አብረው ተምረዋል፣ አንድ ክፍል አድረዋል። አንድ ዓመት የበረዶውን ወራት በአንድ ካፖርት ነው የገፉት፤ አንዱ ጠዋት ለብሶት ይማራል፣ ሌላው ከሰዓት። ኋላም ለንደን ተገናኙ። ክሮይደን ስደተኞች ጽሕፈት ቤት በር ላይ አብረው ተሰልፈው፣ አብረው ወረቀት አግኝተው፣ የልጆቻቸውን ልደት አብረው ያከብሩ ነበር።

ከዚያ ምርጫ ዘጠና ሰባት መጣ።

ጋሽ ተፈራ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ሆነው ሁለት ጣት ቀሰሩ። ጋሽ ይማም ለመንግሥት ወግነው፣ በምርጫ ምልክቱ ንብ ሆኑ። ለነገሩ ጋሽ ተፈራ ጣታቸውን ሲቀስሩ ትንሽ ተሳስተዋል። ሰልፍ ላይ የእጃቸውን ጀርባ ወደ ፖሊሱ አዙረው ነበር፣ ያ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ከባድ ስድብ ነው። ፖሊሱ ቀረብ ብሎ፣ ጌታዬ እጅዎን ቢያዞሩት ጥሩ ነው አላቸው። እሳቸው ግን ፖሊሱ ንብ ነው ብለው እስካሁን ያምናሉ።

ሁለቱ ሆሎዌይ መንገድ ካለች ካፌ ውስጥ ተሰዳደቡ። ጋሽ ተፈራ ጋሽ ይማምን ካድሬ አሏቸው። ጋሽ ይማም ጋሽ ተፈራን የደርግ ርዝራዥ አሏቸው። ሁለቱንም ራሺያ ልኮ ያስተማረው ያው ደርግ መሆኑን የሚያስታውሳቸው ሰው አልነበረም። ደግሞስ፣ ከሁለቱ ድምፅ የሰጠ አለ? የለም። ሁለቱም የእንግሊዝ ፓስፖርት ነው የያዙት። ድምፅ ሳይሰጡ ለቆጠራ መጣላት የሚችል እንደ እኛ ያለ ሕዝብ ያያችሁ ንገሩኝ።

ከዚያ ወዲያ መነጋገር ቀረ። ለቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ሳሎን ከተቀመጠ ሌላው ኩሽና ይገባል። እኔ ላስታርቅ ብዬ አንዴ ካፌ፣ አንዴ ቤቴ ጠራኋቸው። ተያዩና ኮታቸውን አንሥተው ወጡ።

አንድ ቀን የጋሽ ተፈራ ልጅ ሩት ደወለችልኝ። እዚሁ የተወለደች ናት። «አንክል ከማል፣ ዳዲ ባክ ፔይኑ ብሶበታል። ጂፒው ፓራሲታሞል ብቻ ነው የሚሰጠው። እሱ ደግሞ ባኒያ ያድነኛል ይላል። ቡክ ላደርግለት ነው፣ ትወስደዋለህ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ሐሳብ መጣልኝ። ሰው ተቆጥቶ የሚወጣው ልብስ ስለለበሰ አይደል? ቁምጣ ብቻ ያደረገ ሽማግሌ ተቆጥቶ የት ይሄዳል? «ለሦስት ሰው ቡክ አድርጊ» አልኳት። ሦስተኛው ማን እንደሆነ ስነግራት፣ «ከሞቱ አንተ ነህ የምትጠየቀው» አለች።

ለጋሽ ይማም ደወልኩና ባኒያ ልጋብዝዎት አልኳቸው። ድምፃቸው ተለወጠ። ከራሺያ ወዲህ ገብተው አያውቁም። ብቻህን ነህ ወይ ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ቀኑ ደረሰ። ጋሽ ተፈራን ይዤ ቀድሜ ገባሁ። የእንፋሎቱ ክፍል እንደ ስታዲየም ደረጃ ያለው የእንጨት መደብ ነው፤ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ሙቀቱ ይጋረፋል። ጋሽ ተፈራ ወገባቸውን ይዘው ጫፍ ላይ ወጡ። በሩ ተከፈተና ጋሽ ይማም ባርኔጣቸውን አድርገው ብቅ አሉ።

ተያዩ። ጋሽ ይማም ወደ በሩ ዞር ሲሉ ጋሽ ተፈራ ጣሪያውን እያዩ፣ «ሙቀቱን የማይችል ሰው ባይገባ ይሻለዋል» አሉ። በቃ። እልህ ምላጭ ያስውጣል። ጋሽ ይማም በሩን ዘግተው፣ እሳቸውም ወደ ላይኛው መደብ ወጥተው በወዲያኛው ጫፍ ተቀመጡ። እኔ በመካከላቸው።

ድንጋዩ ላይ ውሃ የሚደፋው አንድ ግዙፍ ሰውዬ ነው። በእጁ የታሰረ ቅጠል ይዟል፣ በዚያ ጀርባ ይገርፋል። ደሴ እያለሁ በለበቅ በነፃ የተገረፍኩትን ለንደን ላይ ከፍዬ ተገረፍኩ። ጤና ነው ይላሉ። መምህሬም እንደዚያ ይለኝ ነበር።

ሰውዬው በራሺያኛ ይበቃል ወይ ብሎ ጠየቀ መሰለኝ። ጋሽ ተፈራ «ዬሽቾ» አሉ። ጨምር ማለት ነው። ደፋበት። ጋሽ ይማም ጥቂት ቆይተው እሳቸውም «ዬሽቾ» አሉ። ደፋበት። አንዱ ዬሽቾ፣ ሌላው ዬሽቾ። አገር ቤት ያልጨረሱትን ምርጫ እዚህ በውሃ ይቆጥሩታል፣ የሚቀቀለው እኔ ነኝ። ሰውዬው ራሱ ፈርቶ ባልዲውን አስቀምጦ ወጣ።

ሦስታችን ብቻ ቀረን።

«ከማል» አሉ ጋሽ ይማም ግድግዳውን እያዩ። «ለዚያ ሰውዬ ንገረው። ወገቡ እንዲህ ሆኖ እላይ መቀመጥ የለበትም።»

ጋሽ ተፈራ ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ናቸው። ቢሆንም ዞሬ፣ «ጋሽ ተፈራ፣ ወገብዎ . . .» አልኩ።

«ሰምቻለሁ። ደም ብዛት ያለበት እሱ ነው በለው። ክኒኑን ውጧል ወይ በለው።»

«ጋሽ ይማም፣ ክኒንዎን . . .»

«ውጫለሁ በለው። ደም ብዛት እንዳለብኝ ማን ነገረው በለው።»

ጋሽ ተፈራ ባርኔጣቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ አደረጉ። ላባቸው በባርኔጣው ጠርዝ ይንጠባጠባል። «ሚስቱ ናት በለው» አሉ ቀስ ብለው። «በደም ብዛቱ ሆስፒታል ገብቶ ከወጣ ጀምሮ በየሳምንቱ እየደወልኩ እጠይቃታለሁ በለው። እንዳትነግረው ያልኳት እኔ ነኝ በለው።»

ይህን የማደርሰው እንዴት ብዬ ዞርኩ። ጋሽ ይማም ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ይጠርጉበታል። ላብ ይሁን ሌላ አላውቅም፣ በዚያ ሙቀት ማን ይለያል?

«ተፈራ» አሉ በስማቸው። ከስንት ዘመን በኋላ። «ውረድ። ሁለታችንም እንውረድ። እንሞታለን።»

«አንተ ቅደም።»

«አይ፣ አንተ።»

እኔ ቀደምኩ። ከዚያ ወዲያ መቆየት አልቻልኩም። እየተንገዳገድኩ ወጥቼ ቀዝቃዛው ገንዳ ውስጥ ገባሁና ነፍሴ ተመለሰች። ውሃው ውስጥ ሆኜ ራሴን አመሰገንኩ። አላህ ይህን ሥራዬን ይጽፍልኛል፣ ማኅበረሰቡም አንድ ምሳ ሳያዘጋጅልኝ አይቀርም አልኩ።

ፎጣዬን ተከናንቤ ሻይ ወደሚጠጣበት ክፍል ስሄድ ሁለቱ ነጭ አንሶላ ለብሰው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ይሳሳቃሉ። ያንን ካፖርት የሸጥከው አንተ ነህ፣ አንተ ነህ ይባባላሉ። እኔ ስደርስ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ቁጭ በል» አሉኝ ጋሽ ተፈራ። «ሳትነግረን እዚህ ያገናኘኸን አንተ ነህ?»

ምርቃት ሊመጣ ነው ብዬ አንገቴን ደፋ አደረግሁ። «እኔ ነኝ።»

«ማን ላከህ?» አሉኝ ጋሽ ይማም።

«ማንም አልላከኝም።»

«ለመሆኑ አንተ በዘጠና ሰባት ከማን ጋር ነበርክ?»

«ከማንም ጋር።»

«ሰልፍ ወጣህ?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«የእኛም ሰልፍ ቀን? የእነሱም?» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«ሁለቱንም ቀን መንገዱን የዘጋችሁት በእኔ አውቶቡስ ላይ ነው» አልኩ። ይህን ባልል ይሻል ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ተያዩ። ጋሽ ተፈራ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይማም ተሳስቷል» አሉኝ። «እስከ ዛሬም አልገባውም። ግን አቋም አለው።»

«ተፈራ ያሳዝነኛል» አሉ ጋሽ ይማም። «በሰማው ሁሉ ይነዳል። ግን ለአገሩ ተቃጥሏል። አንተ ምን ሆንክ? አገር ሲታመስ መሪ ይዘህ ትዞራለህ።»

«መሃል ሰፋሪ» አሉ ጋሽ ተፈራ።

«አገሪቱን የጨረሳት መሃል ሰፋሪ ነው» አሉ ጋሽ ይማም፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ።

ከዘጠና ሰባት ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው የፖለቲካ ጉዳይ ይኸው ነው። ተስማሙና በዚያው ቀሩ። ሲመለሱ በእኔ መኪና አልሄዱም፤ ጋሽ ተፈራ ጋሽ ይማምን ተደግፈው በባቡር ሄዱ። በማግስቱ ስደውል አንዳቸውም አላነሡልኝም።

ባለፈው የሩት ሠርግ ነበር። ጠርታኛለች፣ ልጅቱ ውለታ አትረሳም። ሰው በዝቶ ስለነበር ባዶ ወንበር ስፈልግ አንድ ጠረጴዛ አገኘሁና ተቀመጥኩ። ቀና ብል ፊት ለፊቴ ጋሽ ተፈራና ጋሽ ይማም ናቸው። እኩል ተነሡ። ጋሽ ይማም ሁለቱንም ሳህን ያዙ፣ ጋሽ ተፈራ ሁለቱንም ብርጭቆ፣ ተያይዘው ሌላ ጠረጴዛ ሄዱ።

ከጎኔ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እንዲህ የሚዋደዱ ሽማግሌዎች አይቼ አላውቅም። አንተን ከእነሱ ጋር ምን አጣላህ?» አለኝ።

«ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ» አልኩት።

ሰውዬው ወንበሩን ከእኔ ትንሽ ራቅ አደረገ።