ሦስት ተማሪ፣ አንድ ጽሑፍ

ጽሕፈት የሚያስተምር ሰው ከተማሪው የሚጠብቀው ነገር ማለቂያ የለውም። ተማሪው ግን የሚጠብቀው ምሳ ሰዓትን ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ባለ ቆርቆሮ ቢሆን፣ እንደኛው የሁመር ዛፍ ጥላ ቢሆን፣ ይህ አይለወጥም። እኔ የማወጋችሁ ግን ተማሪዎቹ አስተማሪው ከጠበቀው በላይ ስለጻፉበት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ጉብዝና ለማንም አይስጠው።

ዘመኑ ጣሊያን መተማን ይዞ፣ እኛ ሽንፋ ወንዝ ዳር ጫካ የገባንበት ነው። የጦር አለቃችን ፊታውራሪ ጠመንጃ እንጂ ብዕር ጨብጠው አያውቁም። ታዲያ ከሱዳን በኩል ያሉት እንግሊዞች፣ መጻፍ የሚችል ሰው ቢልኩላቸው ፈትነው፣ አስተምረው ሥራ እንደሚሰጡት አስታወቋቸው። ፊታውራሪ ሠራዊታቸውን ቢመለከቱ ተኳሹ ብዙ ነው፤ ፊደል የቆጠረው ግን ሦስት ሰው፤ እሱም ቆጠረ ከተባለ። አንዱ ሞላ ነበር፣ የሳንጃ ሰው፣ አውሬ አዳኝ። ሁለተኛዋ አልጋነሽ፣ ባሏ ሲወድቅ ጠመንጃውን አንሥታ ውጊያውን የቀጠለች። ሦስተኛው እኔ። እኛን ለፈተናው እንዲያሰናዱ የኔታ ጥሩነህ ታዘዙ። የኔታ ከደጋ የተሰደዱ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ከጣሊያን ይልቅ የፊደል ግድፈት ያስቆጣቸዋል።

በመጀመሪያው ቀን ከእኛ የሚጠብቁትን ነገሩን። እጅ ታጥቦ መምጣት ነው። የብዕሩን መቃ ራስ መቅረጽ፣ ቀለሙንም ከጥላሸትና ከግራር ሙጫ ራስ መበጥበጥ ነው። ወረቀታችን ነጋዴዎች ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት፣ ሻይ ጠቅልለው የሚያመጡበት ነበርና አንዲት ቅዳጅ ያባከነ ወዮለት። "ሰማይ" የሚጻፈው በእሳቱ ሰ ነው፤ በንጉሡ ሠ የጻፈ ሰማይን አያያትም። (እኛን በዚያን ጊዜ የሚያስጨንቀን የሰ እሳት ሳይሆን የጣሊያን እሳት እንደነበረ ለማን ይነገራል?) ከሁሉ በላይ ግን ዓይናችን ያየውን ብቻ እንድንጽፍ፣ ከጓደኛ እንዳንገለብጥ አስጠነቀቁን። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ የገለበጠ ሰው ሱዳንን የሚያያት በሕልሙ ነው አሉ።

ጥቂት ሰንብተው፣ ውሃ ልትቀዱ ስትወርዱ ያያችሁትን ጽፋችሁ አምጡ ብለው አዘዙን። ወሩ የሽንፋ ወንዝ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ የሚሆንበት፣ ድንጋዩ የሚፋጅበት ነው። አልጋነሽ ጧት ወረደች፣ እኔ ከምሳ በኋላ፣ ሞላ ወደ ማታ። ከዚያም ለየብቻችን በየዛፉ ሥር ተቀምጠን ጻፍን።

የኔታ የእኔን አንብበው ራሳቸውን ነቀነቁ። የአልጋነሽን አንብበው ግንባራቸውን ቋጠሩ። የሞላን ሳይጨርሱ ተነሡ። ሦስቱም ወረቀት እንዲህ ይላል፤ "ከኩሬው ማዶ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ነጠላው ረጥቦ ይንጠባጠባል። ወደ ሠማይ ያንጋጥጣል።" ቃል በቃል አንድ ነው። ሦስታችንም ሰማይን በንጉሡ ሠ ጽፈናታል።

የኔታ ማን ከማን እንደገለበጠ ጠየቁ። ማልን፣ ተገዘትን። እኔ ሰውየውን ገላውን ታጥቦ የሚደርቅ የኛ ሰው መስሎኝ ለማንም አላወራሁም ነበር። ለካ እነሱም እንዲሁ መስሏቸው ኖሯል። እንግዲህ ፍረዱ፤ ገላውን የታጠበ ሰው በዚያ ሐሩር ከጧት እስከ ማታ ሳይደርቅ ይንጠባጠባል?

የኔታ አላመኑንም። በማግስቱ ቀትር ላይ በሦስት አቅጣጫ በተኑን፤ ሞላን ወደ ድንጋያማው ኮረብታ፣ አልጋነሽን ወደ መንገዱ፣ እኔን ሰሊጡ ወደ ታጨደበት ማሳ። የቆላ ቀትር ላይ ሰው ከጥላ አይወጣም፤ ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ። ጅግራዋ ዝም፣ ዝንቡ እንኳ ዝም። የራሴን ትንፋሽ የሌላ ሰው ይመስል አዳምጠው ነበር። ማሳው መካከል ስደርስ ቆሞ አገኘሁት። ጀርባውን ሰጥቶኛል። ከነጠላው ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ያ የተሰነጣጠቀ መሬት ግን አይረጥብም። "ጌታው" አልኩት። አልዞረም። አንገቱን ብቻ ትንሽ ወደ ላይ ቀና አደረገ። ተኩስ ውስጥ ቆሜ አውቃለሁ፤ ያን ዕለት ግን እግሬ እኔን ሳያማክር ተመለሰ፤ ጥላ ስደርስም እጄ ሳያማክረኝ ጻፈ።

ሦስታችን ስንገናኝ ወረቀቱ ሦስት፣ ቃሉ አንድ ነበር፤ "ከኩሬው ማዶ" የሚለው ብቻ የለም። ሞላ በኮረብታው ላይ፣ ውሃ በሌለበት ዓለት ላይ፣ ሲንጠባጠብ አይቶታል። አልጋነሽ ጠመንጃዋን አቅፋ ተቀመጠች።

ነገሩ ፊታውራሪ ጆሮ ደረሰ። ለእሳቸው ጥያቄው ቀላል ነው፤ ሰው ነው ወይስ ሌላ? ሰው ከሆነ የጠላት ሰላይ ነው፣ ከኋላው አውሮፕላን ይመጣል፣ ሰፈሩ ዛሬውኑ መነሣት አለበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ነገር ግን ከዛፎቹ ሥር የተኙ ቁስለኞች አሉን፤ ሌላ ውሃ የሚገኘው በዚያ ሐሩር ቀኑን ሙሉ ተሂዶ ነው። ማን ይደርሳል፣ ማን መንገድ ላይ ይቀራል?

"የኔታ" አሉ ፊታውራሪ፣ "በሦስት ሰነፍ ተማሪ ቃል ቁስለኛ አላስነሣም። እርስዎ ይዩልኝ።"

የኔታ እጃቸውን ታጠቡ። ብዕራቸውንና አንዲት ቅዳጅ ወረቀት ይዘው በማግስቱ ቀትር ብቻቸውን ወደ ኩሬው ወረዱ። ሲመለሱ እርምጃቸው እንደ ወትሮው ነው፤ ፊታቸው ግን የአመድ መልክ ይዟል። ወረቀቱን ለፊታውራሪ ሰጡ። ፊታውራሪ ማንበብ አይችሉምና ለእኔ አቀበሉኝ። እኔም አነበብኩት። የእኛው ጽሑፍ ነው። የኔታ ጥሩነህ፣ ያ ሁሉ ደቀ መዝሙር ያወጡ ሊቅ፣ ሰማይን በንጉሡ ሠ ጽፈዋታል።

ፊታውራሪ ከእናንተው ጋር አንድ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከአንድ ቃል በቀር አንድ ነው አልኳቸው። "ጀርባውን ሰጥቶ" አይልም፤ "ፊቱን ሰጥቶ" ይላል።

"ማን ነው ሰውየው?" አሏቸው ፊታውራሪ።

"ቁስለኞቹን ያስነሡ" አሉ የኔታ። "ዛሬውኑ ይሁን።"

ተነሣን። በቃሬዛ ተሸክመን በሐሩር ሄድን። አንድ ቁስለኛ መንገድ ላይ አረፈብን፤ የኔታ ጸሎተ ፍትሐት አደረሱለት፣ ቀበርነው። አልጋነሽ መቃብሩ ላይ ድንጋይ እየደረደረች፣ ይህ ሰው የሞተው በእኛ ጽሕፈት ነው አለችኝ። እኔም ድንጋይ አቀበልኳት። በማግስቱ ጧት የአውሮፕላን ድምፅ ሰማን፣ ቀጥሎም በተውነው ሰፈር በኩል ጭስ ሲነሣ አየን። አይተው የተመለሱት ሰዎች፣ ከሁመሩ ግንዱ እንኳ አልቀረም አሉ። ከኩሬው ማዶ ግን የሰው ዱካ ፈልገው አላገኙም።

የኔታ ከዚያ በኋላ አላስተማሩንም። መንገድ ስንሄድ ከፊታቸው የሚራመደውን ሰው፣ "እስቲ ዞር በል ልጄ" ይሉታል። ሰውየው ሲዞር ፊቱን ያዩና "በል ሂድ" ይሉታል። አልጋነሽ አንድ ቀን ደፍራ የማንን ፊት እንዳዩ ጠየቀቻቸው። ያየሁትን ጽፌያለሁ አሏት፤ ይህንኑ እንደያዙ አረፉ።

ከሦስታችን ድንበሩን የተሻገርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሞላ ከብዕር ጠመንጃው ይሻለኛል አለ፤ አልጋነሽ ወረቀት ዳግመኛ በእጇ አልነካችም። ገዳሪፍ ላይ አንድ እንግሊዝና አንድ መነጽር ያደረገ አበሻ ጸሐፊ ፈተኑኝ። ጥያቄው፣ በሕይወትህ ያየኸውን አንድ እውነተኛ ነገር ጻፍ የሚል ነበር። እኔም ይህንኑ ጻፍኩ። ጸሐፊው አነበበው፣ ለእንግሊዙ ተረጎመለት፤ ሁለቱም ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አበቃልኝ ብዬ፣ ምስክሮች አሉኝ፣ ጠይቁ ብል ይባስ ሳቁ።

በመጨረሻ ጸሐፊው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ "ወንድሜ፣ እንዲህ አስመስሎ የሚዋሽ ሰው አጥተን ነው የከረምነው" አለኝ፤ ጣሊያን ተሸነፈ፣ አለቀለት እያለ ከአውሮፕላን የሚበተን ወረቀት ወደሚጻፍበት ክፍል አስገባኝ። ጦርነቱ እስኪያበቃ እዚያው በደመወዝ ዋሸሁ። እውነቱን ለጻፍኩበት ግን እስከ ዛሬ የከፈለኝ የለም።