ኢንጂነር ሙሰዲቅ እና የፅዮናዊት ናፍጣ መኪና

ተገዛ። አዎ፣ በመጨረሻ ተገዛ። ናፍጣ ነው፣ አሮጌ ነው፣ የግራው የኋላ በር ቀለሙ ከሌላው አካል ጋር አይገጥምም፤ ግን ተገዝቶ እዚህ ጅቡቲ ከተማ፣ አርሂባ ሰፈር፣ ብሎኮቹ መሀል ቆሟል። የማን እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ስለ አንድ ሰው ላስቀድም፤ ምክንያቱም ይህ ወሬ ያለ ክቡር ኢንጂነር ሙሰዲቅ አይወራም።

መኪና የሚገዛ ሰው ባለበት ቦታ ሁሉ መኪና የማያስገዛ ሰው አለ። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሳይጠሩት ይመጣል፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መኪናውን ሁለት ጊዜ ይዞረዋል፣ ጎማውን በእግሩ ነካ ያደርጋል፣ ከዚያ ከንፈሩን ይመጥጣል። የእኛው ሰው ክቡር ኢንጂነር ሙሰዲቅ ናቸው። ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት የመኪና ዕቃ፣ የፊልትሮና የቺንጋ ሱቅ አለቻቸው። ምህንድስናውን የት እንደተማሩ የሚያውቅ የለም። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛው ነን፤ መልሰን ልንወስድባቸው ብንሞክርም አልሆነልንም። የራሳቸው መኪና የላቸውም። እርሳቸውን የሚያስደስት ገና አልተሠራም። በሚኒባስ ነው የሚሄዱት፤ ከሾፌሩ ጀርባ ይቀመጡና ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ያቃስታሉ።

አንዲት ንግግር አለቻቸው፦ «እኔ ብሆን አልገዛም።» በዚህች ንግግር የፈረሰ ሽያጭ ቢሰለፍ ከወደቡ እስከ ከተማው ጫፍ ባልባላ ይደርሳል። ደላሎች ከሩቅ ሲያዩዋቸው መኪናቸውን አስነስተው ይሰወራሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ሙሽራ በኪራይ መኪና ሊወጣ ሲል ኮፈኑን አስከፍተው «ይሄ ዘይት ሳይቀየር ሙሽራ አይሳፈርም» በማለታቸው፣ ሙሽሪት እዚያ ማዶ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሂና የተቀባ እጇን ይዛ ተቀምጣለች።

አሁን ወደ ባለመኪናዋ። ፅዮናዊት ጎረቤቴ ናት። አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት እያደረች ሠርታለች፤ ከወጥ ቤት ጀርባ፣ ከጋዙ ሲሊንደር አጠገብ። አምና አርሂባ አንድ ክፍል ተከራየች። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ግን በሩ ከውስጥ ይቆለፋል፤ እሷም ይህን እንደ ትልቅ ሹመት ነው የምታወራው። ዘንድሮ ደግሞ ከከተማው አርባ ኪሎሜትር ርቃ ባለችው አርታ አንድ ማሰልጠኛ ለወጥ ቤቱ ኃላፊ ፈለገና እሷን መረጠ። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ቁርስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መቅረብ አለበት፣ እራት ሲነሳ ደግሞ የመጨረሻው ሚኒባስ ሄዷል።

«እዚሁ ታድሪያለሽ» አላት ሙሴው፣ የማሰልጠኛው ሥራ አስኪያጅ። «ከወጥ ቤቱ ጀርባ ክፍል አለ።»

«ሥራውን እፈልጋለሁ፣ ክፍሉን አልፈልግም» አለችው።

«መኪና አለሽ?»

«ይኖረኛል።»

እሁድ ሥራ ይጀመራል፤ እስከ እሁድ መኪና ከሌላት ወይ ክፍሉን ትወስዳለች ወይ ሥራው ለሌላ ይሄዳል። ከወጥ ቤት ጀርባ የሚተኛ ሰው ሥራው አያልቅም፤ ሻይ ያማረው ሁሉ በሩን ይደበድባል። ይህን ፅዮናዊት ከማንም አልሰማችም፣ አሥራ አንድ ዓመት ኖራበታለች። መንጃ ፈቃድ አላት፤ የማዳሟን ልጆች ስድስት ዓመት ትምህርት ቤት አመላልሳለች። የቀራት መኪናው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው ስህተት የሠራችው። «መኪና ልገዛ ነው» ብላ በኢንጂነሩ ሱቅ በር ላይ ተናገረች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጉዳዩ የእሷ መሆኑ ቀረ።

«ምን ያህል ነው የምትነጂው?» አሏት።

«አርታ ደርሶ መልስ፣ በየቀኑ።»

«ሰማንያ ኪሎሜትር። ዳገት አለው፣ ሙቀት አለው፣ ከከባድ መኪና ኋላ መንፏቀቅ አለው። ናፍጣ ነው የሚያስፈልግሽ፤ ያውም ኮምፒውተር ያልገባበት። ኮምፒውተር ያለው መንገድ ላይ፣ ወዓ በረሃው መሀል ቢቆምብሽ ማን ይከፍትልሻል? ፍየል?»

ማክሰኞ ዕለት ራስ ዲካ ሰፈር አንድ ፒክአፕ ተገኘ። ሻጩ አጥቦ፣ ወንበሩን አልብሶ አቁሞታል። ክቡር ኢንጂነሩ ካርቶን አነጠፉና በነጭ ሸሚዛቸው መኪናው ሥር ገቡ። እግራቸው ብቻ ውጭ ቀረ። ሲወጡ አንድ ጣታቸውን ወደ ብርሃን ይዘው አዩት፤ ከዚያ፣ ፅዮናዊት በዓይኗ ነው ያየችው፣ ቀመሱት።

«ጨው ነው» አሉ።

«ባሕር ዳር አይደለም እንዴ የቆመው?» አለ ሻጩ። «ጅቡቲ ውስጥ ጨው የሌለበት ምን አለ?»

«የባሕሩን አውቀዋለሁ። ይሄ የአሳል ሐይቅ ነው። ጨው ሲጭን የኖረ መኪና ነው።»

ሻጩ ወደ ፅዮናዊት ዞሮ ሳቀ። ከዚያ መሬት መሬት አየ። ከዚያ «ሁለት ዓመት ብቻ» አለ።

ይህን የመሰለ ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? ልክ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ሐሙስ የረምዚ ተራ ነበር። ረምዚ ደላላ ነው፤ ከዱባይ የገባ ነጭ የቤተሰብ መኪና ይዟል፣ ፊታችሁን ታዩበታላችሁ። «ከሰዓት ኑ፣ አረፍ ብለን፣ ተጫውተን እናየዋለን» ብሎ ነበር።

«ከሰዓት አይሆንም» አሉ ኢንጂነሩ። «ጫት ከገባ በኋላ የታየ መኪና ሁሉ ቆንጆ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ሞተሩን ማንም ሳይነካው።»

እንዳሉትም ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ክቡርነታቸው ከረጢት ተሸክመው መጡ። ከረጢቱ በጀርባቸው ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። ከዓሣ አጥማጆቹ ነው የገዙት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ረምዚ።

«በረዶ።»

«ጋሽ ሙሰዲቅ፣ ጅቡቲ ላይ በረዶ የጣለው መቼ ነው?»

«ለዚህ እኮ ነው ያመጣሁት» አሉና ኮፈኑን ከፈቱ። በረዶውን እንደ ሕፃን ልጅ እየደገፉ በሞተሩ ዙሪያ ደረደሩት፣ ከረጢቱን አለበሱት፣ ሰዓታቸውን እያዩ ቆሙ። «እዚህ አገር ሌሊቱም ይሞቃል፤ ስለዚህ የደከመ ናፍጣ ሞተር በአንዴ ይነሳል። ሙቀቱ ይዋሽለታል። ትንሽ ይብረደው፣ እድሜውን ራሱ ይናገራል።»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ረምዚ ቁልፉን አዞረ። መኪናው አሳለው፣ ተንቀጠቀጠ፣ ዝም አለ። ሦስት ጊዜ። በአራተኛው ሲነሳ መንገዱን ነጭ ጭስ ሸፈነውና ሰገነት ላይ የቆመች ሴት ልብሷን ከገመድ መሰብሰብ ጀመረች።

«እኔ ብሆን አልገዛም» አሉ ኢንጂነሩ፣ የቀረውን በረዶ ወደ ከረጢታቸው እየለቀሙ።

ረምዚ ተሳድቦ ሄደ። ፅዮናዊት ግን አልሄደችም።

«ጋሽ ሙሰዲቅ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ስንት መኪና አየን?»

«ዘጠኝ።»

«ስንቱን ግዢ አሉኝ?»

ክቡርነታቸው ከረጢቱን አዩ። «በረዶው እየቀለጠ ነው» አሉ።

«እኔም እየቀለጥኩ ነው። ከዛሬ ወዲያ ብቻዬን ነው የምገዛው። እንዳይከተሉኝ። ቢቆምብኝም ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ፍየሎቹን እለምናለሁ።»

ዓርብ ኢንጂነሩ አልታዩም። ቅዳሜ ጠዋት እኔ ፅዮናዊትን «ማይሙና የምትባል ጨርቅ ነጋዴ የወንድሟን ናፍጣ ቶዮታ ልትሸጥ ነው አሉ» አልኳት። ከማን እንደሰማሁ አልጠየቀችኝም፤ ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

ማይሙና የድሬዳዋ ልጅ ናት፣ ሰው በቆመበት አትተወውም። «ነይ አቦ፣ ግቢ፣ እዪው» አለቻት። መኪናው ግቢው ጥግ ቆሟል፤ አቧራውም አልተራገፈለትም። ወንድሟ ዲኪል ከተማ ድረስ ጣቃ ሲያመላልስበት ኖሮ፣ በዚሁ ሳምንት ጠቅልሎ ወደ ድሬ ገብቷል። ፅዮናዊት መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች፤ ማንም አላሞቀውም። የወንበር ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስባ አየች። የዘይቱን መለኪያ አውጥታ በጣቷ ፈተገች። ከዚያ ማይሙናን ካርቶን ጠየቀቻት፣ አንጥፋ ሥሩ ገባች፣ ጣቷን በብረቱ ላይ አሻሸች፣ ቀመሰችም። አቧራ ነው፤ አቧራ ብቻ። ተኝታ እዚያው ሳቀች። የማን ተማሪ እንደሆነች ገብቷታል፤ ቢሆንም ብቻዋን ነው የመጣችው፣ ብቻዋን ነው የምትወስነው።

«እወስደዋለሁ» አለች ከሥር ሳትወጣ።

ወረቀቱን ጨርሰው ሲነሱ ማይሙና ከቀሚሷ ኪስ የቁልፍ ዘለላ አወጣች። የመኪናው አልነበረም።

«ይሄንን ለሰውዬሽ መልሺለት አቦ።»

«ለየትኛው ሰውዬ?»

«ለዚያ በረዶ ተሸክሞ ለሚዞረው። ትናንት ጠዋት መጥቶ መኪናውን ሲያበርደው ዋለ። የሳምንቱ መጀመሪያ ደግሞ ወዓ ዳገቱ ላይ ሁለት ጠዋት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማን ኮፈኑን ከፍቶ እንደሚቆም፣ ማን እንደሚያልፍ ሲቆጥር ነበር አሉ። ወንድሜ ሳይሄድ የኛው መኪና ጣቃ ጭኖ ያለ ጭስ ሲያልፍ አየና ሰሌዳውን ይዞ አፈላልጎ መጣ። ‹አንዲት ሴት እስክትመጣ ለሌላ እንዳትሸጪ› አለኝ። መያዣ ስለው የሱቁን ቁልፍ ሰጠኝ።»

እዚህ ላይ ልናዘዝ። የማይሙናን ነገር የነገሩኝ ኢንጂነሩ ናቸው። «ስሜን እንዳታነሺ» ብለውኝ ነበር።

ፅዮናዊት መኪናዋን እየነዳች ካርቲየ 1 ደረሰች። ክቡርነታቸው በተዘጋ ሱቃቸው ፊት የዘይት ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል፤ ለደንበኛ ሁሉ «ዛሬ አየር ልወስድ ነው» ይላሉ። ቁልፉን ዘረጋችላቸው።

«የበሩ ቀለም አይገጥምም» አሉ፣ መኪናውን እያዩ።

«ጋሽ ሙሰዲቅ፣ ለምንድን ነው ራስዎ ያልነገሩኝ? አንዲት ግዢ ማለት ምን ያደርግዎታል?»

ቁልፉን በሁለት እጃቸው ያዙት። «እህቴ፣ ያልተገዛ መኪና ተበላሽቶ አያውቅም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያልገዛ ሰው ዳገት ላይ ቆሞ ስሜን አይጠራም። አንቺን ግን... እኔ መረጥኩት ብልሽ በስሜ ትነጂው ነበር። ራስሽ መርምረሽ ‹እወስደዋለሁ› ካልሽ ያንቺ ነው።»

«ቢቆምብኝስ?»

«ስልኬ ላይ ትደውያለሽ። ፍየሎቹ አይሰሙሽም።»

ይኸው ዛሬ እሁድ ነው። ገና ሳይነጋ አስነሳችው፤ በመጀመሪያው ተነሳ። ወዓን አለፈች፣ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጣች፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወጥ ቤቱ ውስጥ ነበረች። ሙሴው «ለማንኛውም» ብሎ የኋላውን ክፍል ቁልፍ ዘረጋላት። እጇን አላወጣችም።

«ለማልተኛበት ክፍል ቁልፍ አልይዝም» አለችው። «ሽንኩርት ማስቀመጫ እናድርገው።»

እራት አቅርባ፣ ነድታ ተመልሳ፣ አሁን እዚህ በግድግዳው ማዶ ናት። በሯን ከውስጥ ስትቆልፍ ሰምቻለሁ።

እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ጓደኛዬ ሰብሪና ወሬውን ገና አልሰማችም። ሰብሪና ራስ ዲካ ከአንድ ትልቅ ቤት ወጥ ቤት ጀርባ ነው የምትተኛው፤ እሷም መንጃ ፈቃድ አላት፣ እሷም የሰው ልጅ ታመላልሳለች። በዚህ ሰዓት ቆሻሻ ልትጥል በር ላይ ትወጣለች፤ አምስት ደቂቃ ነው የምትቆመው። ጫማዬን አድርጌያለሁ፣ ልሂድ።