ፈረንሳዊው፣ እኔና ሦስቱ ሽማግሌዎች

ስልክ የያዘ ሰው ምክር አያጣም። ክፋቱ፣ ምክሩን እስከ መጨረሻው ሳይሰማ ብድግ ይላል። እናንተን አላውቅም፤ እኔ ግን የአንድ ፈረንሳዊ የመኪና ተወዳዳሪ የሕይወት ታሪክ ግማሹን ብቻ በማየቴ ሚስት ላጣ ነበር።

ሰውየው የመካኒክ ልጅ ነው። በልጅነቱ አባቱ በሠራለት አነስተኛ መኪና ጀመረ፤ ዓመታት ሙሉ ከኋላ ሆኖ የሰው አቧራ ሲቅም ኖረ፤ ተገለበጠ፤ እግሩ ተሰበረ፤ ድኖ ተመለሰና አሸነፈ። ይህን ሳይ ልቤ አበጠ። እኔም እኮ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አራት ወር ሆኖኛል! ንፋስ መውጫ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ፍጥነትን ሰሌዳ ላይ ከሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ቪዲዮው የድሉን ምሥጢር ሊነግረን ሲል የስልኬ ዳታ አለቀ። ግድ አልሰጠኝም። ምሥጢሩ መፍጠን ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን!

በዚያው ሰሞን ወገዳ ከተማ ነርስ የሆነችውን ሰናይትን ለማግባት ሽማግሌ ልልክ ነበር። መርጌታ ጥበቡና ሁለት ጎረቤቶቼ እሺ አሉኝ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ላኪው ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ የልጅቱ አባት እሺ ብሎ "ተቀመጡ" እስኪላቸው ቆመው ይለምናሉ። እኔ ግን የጓደኛዬን ፒካፕ ተውሼ፣ "ራሴ አደርሳችኋለሁ" አልኩ።

ከአርብ ገበያ ወዲያ ያለውን ጠመዝማዛ ስበርበት ፈረንሳዊው ቢያየኝ ይኮራብኝ ነበር። መርጌታ መጀመሪያ ዳዊት ደገሙ። ቀጥለው "ኧረ ቀስ በል ልጄ!" አሉ። ከዚያ ጭራሽ ዝም አሉ። ዝምታቸውን ከአድናቆት ቆጠርኩት።

ወገዳ ስንደርስ እንዳልታይ መሪው ሥር ጎንበስ አልኩ። በተከፈተው የቤቱ በር ግን ሁሉም ይታየኛል፤ ይሰማኛልም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡ፤ ገቡና አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ መደቡ ላይ ዘፍ! አንደኛው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዟል። ሳይለምን የተቀመጠ ሽማግሌ የወገዳ ሰው ያን ቀን አየ።

የሰናይት አባት አቶ ቢተው ደነገጡ። "ምነው፣ አመማችሁ? ማነው እንዲህ አድርጎ ያመጣችሁ?"

መርጌታ መዋሸት አያውቁም። "ሙሽራው ነው" አሉ።

"ሽማግሌውን እንዲህ ያደረገ፣ ልጄንማ ምን ሊያደርጋት ነው?"

እንግዶቹ ፊታቸውን የሚታጠቡበት ውሃ ልትቀዳ ሰናይት ስትወጣ አየችኝ። እንደ ወትሮዋ አልሳቀችም። ያኔ ፈራሁ፤ እውነቴን ነው፣ በጠመዝማዛው መንገድ ገደል ጫፍ ላይ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

እሺታ ሳናገኝ ተመለስን፤ ማታውኑ ዳታ ሞልቼ የቀረውን ግማሽ አየሁ። ለካ ሰውየው ያሸነፈው የት ጋ ፍሬን መያዝ እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሽማግሌዎቹን ለምኜ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ፣ በሚኒባስ ላክኋቸው። እኔ እንደ ወጉ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን በላሁ። የሆነውን መርጌታ በኋላ በስልክ ነገሩኝ። አቶ ቢተው ገና ከሰላምታው በፊት፣

"ዛሬስ ማነው የነዳችሁ?" ብለው ጠየቁ።

"አናውቀውም።"

"ተመስገን! በሉ ተቀመጡ።"