ቀዝቃዛ ጠላ ለይፋግ ሠርግ

ደብረ ታቦር ላይ ፍሪጅ ጠጋኝ ሆኖ መኖር ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከተማው ራሱ ፍሪጅ ነው። ጠዋት ከቤት ስትወጡ ጋቢያችሁን እስከ አፍንጫችሁ ካልሳባችሁ ጆሯችሁ የራሳችሁ መሆኑን ትጠራጠራላችሁ፤ ሥጋው ጓዳ ተሰቅሎ ያድራል፣ ወተቱ መስኮት ላይ ይውላል፣ ቢራ ጠጪውም አስተናጋጇን ጠርቶ «ያልቀዘቀዘ አምጪልኝ» ይላል። ታዲያ እንዲህ ባለ አገር ፍሪጅ የሚገዛ ሰው ምን ፈልጎ ነው ትሉ ይሆናል። እኔም ሃያ ዓመት ያህል በሙያው ቆይቼ መልሱን አላገኘሁትም። የማውቀው ነገር ቢኖር ደንበኞቼ ፍሪጃቸውን የሚያመጡልኝ ማቀዝቀዝ ሲያቆም ሳይሆን በሩ ሲከፈት መብራቱ አልበራ ሲል መሆኑን ነው። አንድ ጊዜማ ልጠግነው የከፈትኩት ፍሪጅ ውስጥ የቤት ካርታ፣ የክርስትና ልብስና ሁለት ጥንድ ጫማ አግኝቻለሁ። ጫማዎቹ ቆንጆ ነበሩ።

ስለዚህ ትብለጥ ሱቄ ድረስ መጥታ «ጋሽ ምናሉ፣ ጠላ የሚያቀዘቅዝ ነገር ይሠሩልኛል?» ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ።

ትብለጥ የጎረቤቴ የእትዬ አዛለች ልጅ ናት። ሰባት ዓመት ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ ከተመለሰች ገና መንፈቅ አልሞላትም። እናቷ ደግሞ ጠላ ጠማቂ ናቸው፤ ጠማቂ ስላችሁ እንደ ማንም እንዳይመስላችሁ። የእትዬ አዛለችን ጠላ የለመደ ሰው ሌላ ቤት ገብቶ ሲጠጣ ፊቱ ላይ ሐዘን ይታያል። እኔ ራሴ ከነዚህ ሐዘንተኞች አንዱ ነኝ።

ትብለጥ ሳቄን እስክጨርስ ጠበቀችና አስረዳችኝ። ትሠራበት የነበረው ቤት ሰዎች በየሳምንቱ ዕረፍት ቀን ወደ በረሃ እየወጡ ይዝናኑ ነበር አሉ። ሲሄዱ አንድ ሳጥን ይዘው ይሄዳሉ። የሎሚ ጭማቂውን ከላይ ይሞሉታል፣ ከጎን ያለችውን ቧንቧ ሲከፍቱ ያ ጭማቂ በረዶ ሆኖ ይወርዳል፤ በዚያ ሁሉ ሐሩር። አንድ ቀን ስታጥበው ከፍታ አየችው። ውስጡ ሞተር የለ፣ ገመድ የለ። የተጠማዘዘ ቱቦና በረዶ ብቻ። ጭማቂው በበረዶው መሐል በቱቦ እየተሽከረከረ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፤ በቃ።

«ገብቶኛል» አልኳት፤ «ግን እዚህ ማን ቀዝቃዛ ጠላ ይፈልጋል?»

«እዚህ ማን አለ! እኔ የምለው ይፋግን ነው።»

እውነቷን ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ በሜዳው ይፋግ ስትደርሱ ጋቢያችሁን የት እንደምታደርጉት ይቸግራችኋል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የአክስቷ ልጅ እዚያው ይፋግ ያገባል፤ ጠላውን የሚጠምቁት እትዬ አዛለች ናቸው። በዚያ ወር በዚያ ዳስ ውስጥ ቀዝቃዛ ጠላ ያቀረበ ሰው ወሬው ሳይውል ሳያድር ፎገራን ያዳርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ደጋሹ ሁሉ ይጠራኛል ነው የትብለጥ ሐሳብ።

ይህን ሁሉ ስትነግረኝ ዓይኗ መሬት መሬት ያያል። ቆይታ ቆይታ ዋናውን አወጣችው።

«ፓስፖርቴ ባሕር ዳር ደላላው ዘንድ ነው። ከሠርጉ በኋላ ባለው ሳምንት ተመልሼ ልሄድ ተዘጋጅቻለሁ። ይኼ ነገር ከሠራ ፓስፖርቴን እቀበለዋለሁ። ካልሠራ እሄዳለሁ።»

«እናትሽ ያውቃሉ?»

«አታውቅም። እርስዎም አይንገሩብኝ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ አንድ ፍሪጅ መጠገን ቢያቅተኝ የሚበላሸው ቢበዛ የሰው ቅቤ ነበር።

እንግዲህ ጀመርን። ሳጥኑ አላስቸገረም፤ የጣና ዓሣ ነጋዴዎች የሚጠቀሙበት ወፍራም የፎም ሳጥን ነው። ቱቦውን ከአንድ ያረጀ ፍሪጅ ጀርባ ፈታሁት፣ መዳብ። ቱቦ ዝም ብላችሁ ብታጥፉት ይሰበራል ወይም ይጨፈለቃል፤ ስለዚህ ደረቅ አሸዋ ሞልቼ ጫፍና ጫፉን ወተፍኩትና የምጠመጥምበት ድቡልቡል ነገር ፈለግሁ። የእትዬ አዛለች ሙቀጫ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብሏል። ልኩ ነው። እየጠመጠምኩ ሳለ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ምናሉ፣ ሙቀጫዬን ምን እያደረግኸው ነው?»

«ቱቦ እየጠመዘዝኩበት ነው፣ እትዬ።»

«ለምኑ?»

«ጠላዎን ላቀዘቅዘው።»

እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ጠላዬ ምን አጥፍቶ ነው በረዶ ቤት የምታስረው?»

ለነገሩ አንድ ሰው ሠላሳ ዓመት ሲመሰገንበት የኖረውን ነገር ይዛችሁ «ላሻሽልልዎ» ብትሉት ከዚህ የተሻለ ቃል አይመልስላችሁም።

ቱቦውን በፈላ ውኃና በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩና የመጀመሪያውን ሙከራ አደረግን። ጠላው ቀዝቅዞ ወረደ። ትብለጥ አጨበጨበች። እትዬ አዛለች አንድ ጊዜ ተጎነጩና ወደ ጎን ተፉት።

«ይኼ ጠላ አይደለም፤ የጭነት መኪና ነው።»

ቀመስኩት። የጭነት መኪና ነው። የፍሪጁ ዘይት ከቱቦው ጨርሶ አልወጣም ነበር። ይባስ ብሎ ደግሞ በማግሥቱ ቱቦው ውስጥ ያደረው ጠላ አረንጓዴ ቀለም ይዞ ወጣ፤ እትዬ አዛለች ሩቅ ቆመው «ኮምጣጣ ነገር መዳብ ውስጥ ያሳድራሉ እንዴ? ይኼን ሕፃን ያውቀዋል» አሉ። ሕፃኑ ያውቀዋል፤ ሃያ ዓመት የሠራው ባለሙያ ግን ዘንግቶታል።

መዳቡን ጣልኩት። ባሕር ዳር ወርጄ፣ ከተጣለ የለስላሳ መቅጃ ማሽን ላይ የማይዝግ የብረት ቱቦ ከነቧንቧው አግኝቼ ተመለስኩ። ይኼኛው ብረት ጠንካራ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን አይጠመዝዘውም። ሙቀጫው እየተንከባለለ ሲያስቸግረኝ እትዬ አዛለች እየተራገሙ መጥተው በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙልኝ። እየያዙም ይቆጣሉ። እየተቆጡም ይይዛሉ። ከዚያ ደግሞ አተላው ቱቦውን ደፈነው፤ ይኼኔ ቁጣቸው ሌላ መልክ ያዘ።

«እንዲህ ያለ ድፍርስ ጠላ ይፋግ ድረስ ይዛችሁ ሄዳችሁ ልታዋርዱኝ ነው?» አሉና ጠላውን ከላይ ከላይ ቀድተው፣ በንጹሕ ሻሽ አንዴ፣ ደግመው በሌላ ሻሽ አጠለሉት። የወረደውን በብርጭቆ አድርገው ወደ ፀሐይ አነሡት። መስታወት ነው። ብርጭቆውን ከሚገባው በላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይዘውት ቆዩ።

የሠርጉ ዕለት ጠላውን በጄሪካኖች ሞልተን፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርገን ዘግተን፣ ሚኒባስ ላይ አስጫንን። በረዶውን ወረታ ላይ ከዓሣ ነጋዴዎች ወሰድን። ይፋግ ስንደርስ ዳሱ ሞልቷል፤ ሰው በነጠላው ጫፍ ራሱን ያራግባል፤ ሙሽራው በሙሉ ልብስ ውስጥ ሆኖ ቀስ በቀስ ይቀልጣል። ጄሪካኑን ጠረጴዛ ላይ ከፍ አድርገን፣ በጎማ ከሳጥኑ ጋር አገናኘነው። ወሬው ቀድሞን ደርሶ ስለነበር ግማሹ ዳስ ወንበሩን ወደ እኛ አዙሯል።

ትብለጥ ቧንቧውን ከፈተችው።

አረፋ። ብርጭቆው ሞላ፣ አረፋ። ሁለተኛ ብርጭቆ፣ አረፋ። ሦስተኛው ላይ ቧንቧው እንደ ተናደደ ድመት ተፋና የትብለጥን አዲስ ቀሚስ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ አረፋ አለበሰው። የሙሽራው አጎት «እናንተ፣ ሳሙና ነው እንዴ ያመጣችሁልን?» ሲል ዳሱ በሳቅ ፈነዳ።

የትብለጥን ፊት ባየሁት ጊዜ ያን ቀን ያጨበጨበችው ልጅ ሳትሆን አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጠች ልጅ መሰለችኝ። «በቃ፣ ጋሽ ምናሉ» አለች በለሆሳስ። «በቃ፣ ይዝጉት።»

እኔ ቁልፍ ይዤ ሳጥኑን ዞርኩት፤ ቱቦውን ነካካሁ፤ ቧንቧውን ፈትቼ ገጠምኩ። ባለሙያ ሲደናገጥ የሚያደርገውን ሁሉ አደረግሁ፤ ማለትም ያልተበላሸውን ሁሉ ጠገንኩ።

እትዬ አዛለች ከሴቶቹ መሐል ተነሥተው መጡ። ሳጥኑንም እኔንም አላዩም። ጄሪካኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ለካ ጠላው ገና ሥራውን አልጨረሰም ኖሯል፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት እየተናጠ፣ በሙቀቱ እየፈላ፣ ትንፋሹን የሚያወጣበት አጥቶ ነው የመጣው።

«ልጁን አፍናችሁ አምጥታችሁ ‹ዝፈን› ትሉታላችሁ?» አሉ። ክዳኑን በጣም በቀስታ ላላ አደረጉት። ጄሪካኑ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰ። ውኃ ያራሰው ጆንያ አምጥተው ጠቀለሉት። «አሁን ማንም እንዳይነካው።»

ጠበቅን። ዳሱ ውስጥ ጭፈራው ቀጠለ፤ እኛ ሦስታችን አንድ ጄሪካን ከበን እንደ ታማሚ ጠያቂ ቆምን። እትዬ አዛለች በመጨረሻ ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡና ራሳቸው ቧንቧውን ከፈቱት።

ጠላው ወረደ። ጥቁር ቀይ፣ ጥርት ያለ፣ ከላዩ አንድ ጣት የማትሞላ አረፋ፤ ብርጭቆው ወዲያው ላብ አወጣ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለዳሱ ትልቅ ሰው፣ ለአያ ደምሴ ሰጧቸው። አያ ደምሴ ሰው ሁሉ የሚፈራቸው፣ የቀመሱትን ሁሉ የሚነቅፉ ሽማግሌ ናቸው። ጠጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጉንጫቸውን ያዙ።

«ጥርሴን!» አሉ።

ትብለጥ እጄን ያዘች፤ ጥፍሯ እስካሁን ይሰማኛል።

አያ ደምሴ ዓይናቸውን ገለጡና ብርጭቆውን ዘረጉ። «በግራ በኩል ልሞክረው። ድገሚኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ማብዛት አያስፈልግም። ሰልፍ ሆነ። የሙሽራው አጎት አራት ጊዜ ሲመላለስ አየሁት፤ በአራተኛው ላይ ስለ ሳሙናው ይቅርታ ጠየቀኝ። ዳሱ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሰው «ትንሽ ዓሣ ዓሣ አይልም?» ሲል ጎረቤቱ «በረዶው ነው፤ አንተ አፍንጫህን ትተህ በአፍህ ጠጣ» ሲለው ሰማሁ። እትዬ አዛለች ቧንቧውን ለማንም አላስነኩም። ሰው «እንዴት አቀዘቀዝሽው?» ባላቸው ቁጥር «ሙያ ነዋ!» ይላሉ። እኔ በሁለት ክንድ ርቀት ቁልፌን ይዤ ቆሜያለሁ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ትብለጥ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ፓስፖርቱን፣ ደላላውን፣ የሚቀጥለውን ሳምንት። እትዬ አዛለች ዳገቱን ጨርሰን ብርዱ በመስኮት እስኪገባ ድረስ ባዶ ጄሪካኖቹን አንድ በአንድ ሲያስተካክሉ ቆዩ። እኔ ወደ ውጭ ማየት አበዛሁ፤ ደግሞ የሚታይ ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ነጠላቸውን አውልቀው የልጃቸውን እርጥብ ቀሚስ ሸፈኑት።

«ነገ ሄደሽ ተቀበይው» አሉ። «ስትመለሺ ሳጥኑን እጠቢው። እሑድ ወረታ እንፈለጋለን።»

ትብለጥ ሄዳ ፓስፖርቷን ይዛ ተመለሰች። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለእኔም ለእናንተም ደስ ባለን። ነገር ግን የወረታው ሠርግ የአዲስ ዘመኑን ወለደ፣ የአዲስ ዘመኑ የአንበሳሜውን፤ ደጋሾቹም ሁሉ «ቧንቧውን የምትይዘዋ እናትየዋ ትምጣልን» ይላሉ። ቤት ቀርቶ የሚጠምቅ ደግሞ ያስፈልጋል። እትዬ አዛለች ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚያ ጠላ ቤት ያልተነቃነቁ ሴት አሁን ሳጥናቸውን አስጭነው ይሄዳሉ፤ ሠርጉ ሲያልቅ መልሱን ይደግሙታል፣ ከመልሱ ወደ ዘመድ ጥየቃ ይሻገራሉ። ትብለጥ ጌሾ ትወቅጣለች።

ባለፈው ሳምንት ሱቄ መጥታ በጀርባው የተኛ ፍሪጅ ላይ ቁጭ አለች።

«እናቴ ከሐሙስ ጀምሮ አልመጣችም፣ ጋሽ ምናሉ። ስትደውልም ‹ደህና ነኝ፣ አታስቢ› ትልና ትዘጋብኛለች።»

«አንቺ ሰባት ዓመት ሙሉ ስትደውዪ ምን ትያቸው ነበር?»

ጣቷን በፍሪጁ አቧራ ላይ አንድ ጊዜ ጎተተችው።

«‹ደህና ነኝ፣ አታስቢ› ነበር የምላት።»

«ደህና ነበርሽ?»

«አልነበርኩም።»

የያዝኩትን ብሎን አጥብቄ ጨረስኩት።

«እሳቸው ግን የእውነት ደህና ናቸው» አልኳት። «ቅዳሜ ወረታ ለዕቃ ወርጄ አይቻቸዋለሁ። ጫማቸውን አውልቀው እስክስታ ሲወርዱ ነበር።»

መጀመሪያ የሚያስለቅሳት መስሎኝ ነበር፤ ሳቀች። ለማንኛውም የሐዋርያት ጾም ሲገባ ሠርግ ያቆማል። ያን ጊዜ መምጣታቸው አይቀርም።