ከቢሮ ሰባት ደቂቃ

ሰው ስለ ዕድሉ ሲያወራ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ስለ ጥረቱ ሲያወራ ግን ደረቱ ይነፋል። የእኔም ለዓመታት ተነፍቶ ኖሯል። በሰዓት አክባሪነቴ።

ቢሮዬ ካዛንቺስ ነው። የተወለድኩበት፣ አባቴ ከቀበሌ የተከራየው ቤት ደግሞ ከቢሮው ጀርባ፣ በእግር ሰባት ደቂቃ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የፊርማ መዝገቡ ላይ ቀይ መስመር ይሰመራል፤ የዘገየ ከመስመሩ በታች ይፈርማል። እኔ ከመስመሩ በታች ፈርሜ አላውቅም ነበር። አጠገቤ የምትሠራው ገነት ግን ሁልጊዜ እዚያው ናት። ሥራውን ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች፤ ማለቴ፣ ሲጨንቀኝ የምጠይቀው እሷን ነው። የምትኖረው ግን ከከተማው ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ደርሷት። ዕጣው የወጣላት ቀን ቢሮው በእልልታ ቀለጠ። ከዚያ ወዲህ እሷ «ዕድለኛዋ»፣ እኔ «ታታሪው» ተባልን።

የክፍል ኃላፊነት ቦታ ሲከፈት ሁለታችንም ተወዳደርን። በችሎታ በለጠችኝ፤ ሰዓት ማክበር የሚለው ረድፍ ላይ ግን ተዘረረች። በቃ፣ ቦታው በስድስት ወር ሙከራ ለእኔ ሆነ።

«እንኳን ደስ አለህ፣ ሰፈርህንም እንኳን ደስ አለህ በልልኝ» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ለልማት ፈረሰና ምትክ ቤት ተሰጠን። የት? ቱሉ ዲምቱ።

ሁለት ጊዜ ዘገየሁ። ሦስተኛ ከዘገየሁ ሹመቱ ተነሥቶ ለተከታይዋ፣ ለገነት፣ እንደሚሰጥ ተነገረኝ። ሙከራው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ማለዳ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከፊቴ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ገነት። ሚኒባሱ ሞልቶ አንድ ወንበር ቀረ። ተራው የእሷ ነው።

ዞራ አየችኝ። ቀኑ ምን ቀን እንደሆነ መላው ቢሮ ያውቃል።

«አለቃ፣ እርስዎ ይቅደሙ እንጂ!»

«ኧረ ገኒ፣ ተራው ያንቺ ነው።»

«ግባ ባክህ! እኔማ ለምጄዋለሁ።»

እናንተ እንደምታውቁት፣ እኛ ጋ የመጀመሪያው እምቢታ ይሉኝታ ነው፤ እውነተኛው እምቢታ የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው። እኔ አንደኛው ላይ ቆምኩ። ገባሁ።

ቀዩ መስመር ሳይሰመር አምስት ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። እሷ አርባ ደቂቃ ዘገየች።

በማግስቱ የሹመት ማጽደቂያ ደብዳቤዬ መጣ። «የመኖሪያው ርቀት ሳይበግረው፣ በግል ጥረቱ» ይላል። ስህተት ካለው እንዳርመው ረቂቁን ሰጥተውኝ ነበር።

አንድ ነጠላ ሰረዝ አስተካክዬ መለስኩት።