ለሽምግልና የመጣው ባለሦስት ሲሊንደር

እኔ የምለው፣ እናንተ መኪና የምትለዩት በቀለሙ ነው አይደል? እኔ በጆሮዬ ነው። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርት በቃኝ ብዬ ወጥቼ፣ ይኸው መካኒሳ አንድ ጋራዥ በር ላይ ሽሮ ስሸጥ ስንት ዘመኔ። ከሜካኒክ ጋር የዋለ ሰው ሽሮው ሲንተከተክ እንኳ ስንት ሲሊንደር እንደሆነ ይነግራችኋል።

ላስረዳችሁ። ሲሊንደር ማለት ሞተሩ ውስጥ ያለ ጉድጓድ ነው፤ በየጉድጓዱ አንድ ፒስተን ወጣ ገባ ይላል። ቁምነገሩ ቁጥሩ ብቻ መሰላችሁ? አሰላለፉም ነው። ባለሦስቱ ቤንዚን አይፈጅም፣ ግን ቆሞ ሲሠራ ወባ እንደያዘው ሰው ይንዘፈዘፋል። ባለአራቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ አይደነቅም፣ ከሥራም አይቀርም። ቪ የሚሉት ደግሞ ሁለት ረድፍ ነው፤ እግራቸው ተገናኝቶ ራሳቸው የተራራቀ፣ ተኳርፈው የተኙ ባልና ሚስት በሉት። ጉልበቱን ተዉት። ቪ ስምንት በበሬ ሲያልፍ የድስቴ ክዳን ይጨፍራል። አጠጣጡ ግን የሠርግ ቤት እንግዳ ነው።

በአንድ መስመር የተሰለፉት ስድስቱስ? እሱን ታላቅ ወንድሜን ጋሽ ተፈራን ጠይቁልኝ። ዕድሜውን ሙሉ ሾፌር ነበር። «ባለስድስት ጨዋ ነው፤ አንዱ ያናወጠውን ሌላው ያስተካክላል። ኮፈኑ ላይ በብርጭቆ ውሃ ብታስቀምጪ አይፈስም» ይላል። የራሱም አለችው፤ ለቡ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ከተነሳች ቆየች። ዶሮዎቹ የኋላ ወንበሯ ላይ ነው የሚያድሩት።

ታዲያ የወንድሜን ልጅ ሜሮንን ዳዊት የሚባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው፤ ሦስት ሽማግሌ ላከ። የመጡት በዳዊት ባለሦስት መኪና ነው። ጋሽ ተፈራ ገና ሳያያቸው ጆሮውን አቀና። ፊቱ ጠቆረ። ገቡ፣ እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆመው፣ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። ወንድሜ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ስንት ሲሊንደር ነው?»

ትልቁ ሽማግሌ አቶ በቀለ ግራ ገባቸውና «ኧረ ልጁ ዲግሪ አለው» አሉ።

«እሱን አልጠየቅሁም። ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ዳገት ላይ ምን ሊሆን ነው?» ብሎ ሌላ ቀን ተመለሱ አላቸው።

ሜሮን ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እኔ አክስቷ ዝም ልል? ከሽሮ ደንበኞቼ አንዱን ለምኜ ባለስድስት መኪና አስዋስኳቸው። በሁለተኛው እሑድ ሽማግሌዎቹ በሱ መጡ። ኮሽታ የለ። ጋሽ ተፈራ ራሱ ሮጦ በር ከፈተ። «እስቲ ኮፈኑን ክፈቱልኝ» አለ።

አቶ በቀለ ለካ ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ኖረዋል። ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጥለው አብረው አጎነበሱ። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ተከተሉ። እኔም፣ አልዋሽም፣ መሃላቸው ገብቼ ለቪ ተሟገትኩ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ተሳሳቅን፣ ተመራረቅን፣ ሸኘናቸው።

ሜሮን ከጓዳ ብቅ ብላ «እሺ፣ ምን አሉ?» አለች።

ከጋሽ ተፈራ ጋር ተያየን። ለካ ልጅቷን ያነሳ ሰው የለም። ሽማግሌ መጥቶ ሳይጠይቅ የሄደው በኛ ቤት ብቻ መሆን አለበት።

«አባዬ» አለች ረጋ ብላ፣ «ባለሦስቱ እየተንቀጠቀጠም ስሜን ጠርቷል። ባለስድስቱ ግን ትንፍሽ ሳይል ሄደ።»

 ወንድሜ ስልኩን አንስቶ፣ የሴቷ አባት ሆኖ፣ ራሱ ለአቶ በቀለ ደወለ። «ረስታችሁት የሄዳችሁት ነገር አለ» አላቸው። በየትኛው መኪና እንምጣ ቢሉት «በፈለጋችሁት፤ ብቻ ኮፈን የሚከፍት እንዳይኖር።»

ተጋቡ። አሁን እሑድ እሑድ ዳዊት ነው አማቱን መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰው። ጋሽ ተፈራ ከፊት ወንበር ቁጭ ብሎ ጉንጩ እየተንቀጠቀጠ በበሬ ያልፋል፤ እንዳየሁት ሲያውቅ አፍሮ ሰማይ ሰማይ ያያል።

በቀደም ግቢው ሄጄ፣ ያቺ ጨዋህ መቼ ልትነሳ ነው አልኩት። ሸራውን ገለጠ። ዶሮዋ ከኋላ ወንበር ዘላ ወረደች። ከኋላዋ ጫጩቶቿ፣ በአንድ መስመር ተሰልፈው። ቆጠርኳቸው።

«አየሽ» አለኝ ደረቱን ነፍቶ፣ «ስድስቱም ይሠራሉ።»